ምዕራቡን ያቀናው ጠመንጃ ነውን?

የአሜሪካን ምዕራብ በካርታ ላይ ማሳየት የማይችል ሰው እንኳ በምስል ያውቀዋል። ሰፊ ሜዳ፣ ፈረስ፣ ባርኔጣ ያጠለቀ ጋላቢ፣ በወገቡ ስድስት ጎራሽ ሽጉጥ፣ በኮርቻው ላይ የተሻጠ ጠመንጃ። ይህን ምስል መጀመሪያ በሳንቲም የሚሸጡ ልብ ወለዶች፣ ቀጥሎ ከከተማ ከተማ የዞሩ የፈረስ ትርኢቶች፣ በመጨረሻም የካውቦይ ፊልሞች በዓለም ዙሪያ አዳረሱት። ዊንቸስተር የተባለው የጦር መሣሪያ ኩባንያም በ1873 (በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሰው ዘመን ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው) ለሠራው ጠመንጃ፣ የጠረፉ ዘመን ካለፈ ከብዙ ዓመታት በኋላ «ምዕራቡን ያቀናው ጠመንጃ» የሚል ማስታወቂያ አወጣለት። ማስታወቂያው ሰመረ፤ ዛሬ ብዙ ሰው እንደ ታሪክ እውነት ይጠቅሰዋል። የዚህ ጽሑፍ ክርክር ግን ሌላ ነው። ጠመንጃ በአሜሪካ ምዕራብ ታሪክ ውስጥ ትልቅ ቦታ አለው፤ አገሩን ያቀናው ግን እሱ አይደለም። ያቀናው ከጠመንጃው ጀርባ የቆመው ኃይል ነው፤ ፋብሪካው፣ የባቡር ሐዲዱ፣ አዋጁ፣ ረሀቡና የሕዝቡ ብዛት። ይህን መለየት የሚያስፈልገው ለሙያተኞች ክርክር ብቻ አይደለም። ታሪክን ለመሣሪያ ሲሰጡት ውሳኔውን የወሰኑት ሰዎች ከተጠያቂነት ይወጣሉ።

መሣሪያው ከየት እንደመጣ በማየት እንጀምር። ሳሙኤል ኮልት የሚሽከረከር ጎታ ያለውን ሽጉጡን በ1836 በአሜሪካ የፈጠራ መብት አስመዘገበ። በኒው ጀርሲ ግዛት ፓተርሰን ከተማ ያቋቋመው የመጀመሪያ ፋብሪካው ግን ገዢ አጥቶ በ1842 ከሰረ። ሽጉጡን ከመረሳት ያተረፈው የቴክሳስ ጠረፍ ነው። በ1844 በጆን ኮፊ ሄይስ የሚመሩ አስራ አምስት ያህል የቴክሳስ ሬንጀሮች (የጠረፍ ጠባቂዎች) አምስት ጎራሽ ኮልቶች ይዘው በቁጥር እጅግ የሚበልጧቸውን፣ ከቀደምት ሕዝቦች አንዱ የሆነውን የኮማንቺ ሕዝብ ፈረሰኞች መልሰው አባረሩ። ከሬንጀሮቹ አንዱ የነበረው ሳሙኤል ዎከር በኋላ ከኮልት ጋር ተገናኝቶ ስድስት ጥይት የሚጎርስ ከባድ ሽጉጥ እንዲሠራ አማከረው፤ ከሜክሲኮ ጋር ጦርነት የገባው የአሜሪካ መንግሥትም አንድ ሺህ ሽጉጦች አዘዘ። ኮልት በዚያን ጊዜ የራሱ ፋብሪካ አልነበረውም፤ ትዕዛዙ በ1847 የተሠራው በኮኔቲከት በሌላ ሰው ፋብሪካ ነው። እንግዲህ ልብ ይበሉ፦ የጠረፍ ሰው የነጻነት ምልክት ተደርጎ የሚታየው ሽጉጥ ከኪሳራ የዳነው በመንግሥት ግዢ ነው። በ1855 ኮልት በሃርትፎርድ ከተማ የከፈተው ግዙፍ ፋብሪካም በማሽን የተቆረጡ፣ አንዱ በሌላው ቦታ ሊገቡ የሚችሉ ክፍሎችን በብዛት የማምረት ዘዴን ካስፋፉት አንዱ ነበር። ይህ ዘዴ ደግሞ በዋናነት ያደገው ስፕሪንግፊልድን በመሰሉ የመንግሥት ጦር መሣሪያ ፋብሪካዎች ውስጥ ነው።

ሌሎቹም ጠመንጃዎች እንዲሁ ናቸው። ከኮርቻ ላይ ማቀባበያውን ወደ ታች እየገፉ በተከታታይ የሚተኮስበትን ጠመንጃ በ1860 ያስመዘገበው ቤንጃሚን ታይለር ሄንሪ ሲሆን፣ ሥራውን በገንዘብ የደገፈው ኦሊቨር ዊንቸስተር ቀድሞ ሸሚዝ አምራች ነበር። የሄንሪ ጠመንጃ በጎተራው አስራ ስድስት ጥይት ይይዛል። ከእሱ ተሻሽሎ የመጣው የ1873ቱ ዊንቸስተር ከ700,000 በላይ ተመርቷል፤ ኮልትም ከጥቂት ዓመታት በኋላ ያንኑ ጥይት የሚጎርስ ሽጉጥ በማውጣቱ አንድ ጋላቢ በአንድ ዝናር ሁለቱንም ማጉረስ ቻለ። ዊንቸስተር ኒው ሄቨን፣ ኮልት ሃርትፎርድ፣ ስፕሪንግፊልድ ማሳቹሴትስ፣ ሬሚንግተን ኒውዮርክ ግዛት ኢልየን፤ ሁሉም የነበሩት በምሥራቅ፣ ከጠረፉ በሺህ ኪሎ ሜትሮች ርቀው ነው። በአፈሙዙ የሚጎርሰው የጥንቱ ጠመንጃ ባሩድና እርሳስ ካለ እርሳሱ በማንኛውም ምድጃ ቀልጦ ጥይት እየሆነ ያገለግላል። ከኋላ የሚጎርሰው አዲሱ ጠመንጃ ግን የብረት ቀለህ ይፈልጋል፤ ባዶ ቀለህ በእጅ እንደገና ሊሞላ ቢችልም ቀለሁንና መለኮሻውን የሚሠራው ፋብሪካ ብቻ ነው። ስለዚህ ጠመንጃው በተሻሻለ ቁጥር ባለቤቱ ከፋብሪካውና ከሐዲዱ ጋር ያለው ቁርኝት እየጠበቀ ሄደ። ብቻውን የቆመ ጀግና የሚመስለው ጋላቢ በወገቡ የታጠቀው የአንድ ሙሉ ኢንዱስትሪ ውጤት ነው።

እዚህ ላይ ጠንካራ ተቃውሞ ይነሳል። ሽጉጡ በቴክሳስ ጠረፍ የጦርነቱን ሚዛን አልለወጠም ወይ? ለውጧል፤ መካድ አያስፈልግም። ከዚያ በፊት አንድ ሰፋሪ በአፈሙዝ የሚጎርስ ጠመንጃውን አንዴ ተኩሶ እስኪያጎርስ ድረስ የኮማንቺ ፈረሰኛ ከሚጋልበው ፈረስ ላይ ሆኖ በርካታ ቀስት ይለቅበት ነበር። በፈረስ ላይ ለሚደረግ ውጊያ ቀስቱ ከጠመንጃው ይፈጥናል፤ ሽጉጡ ይህን ብልጫ ነጠቀ። ሆኖም ከ1844ቱ ውጊያ በኋላ የኮማንቺ ሕዝብ በደቡብ ሜዳዎች ላይ ሠላሳ ዓመት ያህል አልተንበረከከም። የተንበረከከበትን ሁኔታ ማየት ብዙ ያስተምራል። በመስከረም 1874 ኮሎኔል ራናልድ ማኬንዚ በፓሎ ዱሮ ሸለቆ የሰፈሩትን ኮማንቺዎች፣ ካዮዋዎችና ሸየኖች በድንገት ደረሰባቸው። በውጊያው የሞቱት ተዋጊዎች ጥቂት ናቸው፤ አብዛኛው ሕዝብ አመለጠ። ማኬንዚ ግን ድንኳኖቻቸውንና ለክረምት ያከማቹትን ስንቅ አቃጠለ፤ ከማረካቸው 1,400 ያህል ፈረሶችም ከ1,000 በላይ የሚሆኑትን አስረሸነ። ሕዝቡ ያለ ፈረስ፣ ያለ ምግብና ያለ መጠለያ ክረምቱን መቋቋም አልቻለም። በሚቀጥለው ዓመት በሰኔ ወር መሪው ኳና ፓርከር የመጨረሻዎቹን ነጻ ኮማንቺዎች ይዞ በፎርት ሲል እጁን ሰጠ። በዚያ ዘመቻ ጠመንጃው ዋና ሥራውን የሠራው በሰው ላይ ሳይሆን በፈረስ ላይ ነው።

በሰሜን ሜዳዎች ያለው ማስረጃ ይበልጥ ግልጽ ነው። በታኅሣሥ 1866 ካፒቴን ዊልያም ፌተርማን የሚመራው 81 ሰዎች ያሉት ጦር በላኮታ፣ በሸየንና በአራፓሆ ተዋጊዎች ወጥመድ ገብቶ አንድም ሳይተርፍ ተደመሰሰ። ከሟቾቹ ሁለቱ ሲቪሎች አስራ ስድስት ጎራሹን ሄንሪ ይዘው ነበር፤ አላዳናቸውም። አብዛኞቹ የሞቱት በቀስት፣ በጦርና በዱላ እንጂ በጥይት አይደለም። ጦርነቱም በ1868 የፎርት ላራሚ ውል ሲያበቃ መንግሥት በቦዝማን መንገድ ላይ የሠራቸውን ምሽጎች ለቀቀ፤ የጥቁር ኮረብቶችን ምድርም ለላኮታ ሕዝብ አረጋገጠ። ከውሉ ስምንት ዓመት በኋላ ሰኔ 25 ቀን 1876 በሊትል ቢግሆርን ወንዝ ዳር የሆነው ደግሞ የማስታወቂያውን አባባል ፍጹም ይገለብጠዋል። የጆርጅ ከስተር ሰባተኛ ፈረሰኛ ጦር የታጠቀው አንድ ጥይት ብቻ የሚጎርሰውን የ1873 ስፕሪንግፊልድ ነበር። በ1983 ሜዳውን ሰደድ እሳት ካቃጠለው በኋላ አርኪዮሎጂስቶች ቦታውን በብረት መፈለጊያ ሲያስሱ ቀለሆችንና እርሳሶችን በብዛት አገኙ፤ በቀለሆቹ ላይ የቀረውን የምት ምልክት እንደ ፖሊስ መርማሪ እያነጻጸሩም የትኛው ጠመንጃ የት ቦታ እንደተተኮሰ ለዩ። የላኮታና የሸየን ተዋጊዎች ከ40 በላይ ዓይነት የጦር መሣሪያ ይዘው እንደነበር፣ ከእነዚህም መካከል ብዙ ሄንሪዎችና ዊንቸስተሮች እንዳሉ ታወቀ። በዚያ ቀን «ምዕራቡን ያቀናው ጠመንጃ» የነበረው በአገሩ ባለቤቶች እጅ ነው። ድሉም የእነሱ ሆነ፤ ከመንግሥት ጦር ከ260 በላይ ሰዎች ሞቱ።

ታዲያ የተሻለ ጠመንጃ ይዞ ያሸነፈ ሕዝብ በአንድ ዓመት ጊዜ ውስጥ መሬቱን እንዴት አጣ? መልሱ ያለው ከጦር ሜዳው ውጭ ነው። ከውጊያው ሁለት ወር ሳይሞላ የአሜሪካ ምክር ቤት በተከለለላቸው መሬት የሚኖሩ ላኮታዎች ጥቁር ኮረብቶችን ካልለቀቁ የምግብ ድጎማ እንዳይሰጣቸው የሚያደርግ ሕግ አጸደቀ። የ1868ቱ ውል መሬት ሊሰጥ የሚችለው ከአዋቂ ወንዶች ሦስት አራተኛው ሲፈርሙ ብቻ እንደሆነ ይደነግግ ነበር፤ የፈረሙት ግን አንድ አስረኛ ያህል ናቸው። ምክር ቤቱ ይህን ወደ ጎን ትቶ በየካቲት 1877 መሬቱን ወሰደ። ክረምቱን በሙሉ ሲሳደዱ የከረሙት ነጻ ተዋጊዎችም ጎሽ እያጡ፣ ጥይት እያለቀባቸው፣ ልጆቻቸው እየተራቡ አንድ በአንድ ገቡ፤ ክሬዚ ሆርስ በግንቦት 1877 እጁን ሰጠ፤ ሲቲንግ ቡል ወደ ካናዳ ተሻግሮ በ1881 ተመለሰ። ከመቶ ዓመት በኋላ በ1980 የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት መሬቱ ተገቢው ካሳ ሳይከፈል መወሰዱን አረጋግጦ ከነወለዱ ከ100 ሚሊዮን ዶላር በላይ ካሳ እንዲከፈል ወሰነ። የላኮታ ሕዝብ ገንዘቡን እስካሁን አልተቀበለም፤ የሚጠይቀው መሬቱን ነው። ዳኞቹ የመረመሩት የውጊያን ውጤት ሳይሆን የፊርማን፣ የድጎማንና የአዋጅን ጉዳይ መሆኑ ራሱ መሬቱ በምን እንደተያዘ ይናገራል።

ጎሹን ያጠፋው ጠመንጃ ነው የሚል ሰው ደግሞ ሌላ ጠንካራ ክርክር ያነሳል። በ19ኛው ክፍለ ዘመን መባቻ በሰሜን አሜሪካ ሜዳዎች ላይ በአሥር ሚሊዮኖች የሚቆጠር ጎሽ ይግጥ ነበር፤ በ1889 የእንስሳት ተመራማሪው ዊልያም ሆርናዴይ ቆጥሮ ያገኘው በዱርም በእስርም ያለውን ደምሮ 1,091 ብቻ ነው። ሻርፕስና ሬሚንግተን የተባሉት ከባድ ጠመንጃዎች አንድ አዳኝ ከሩቅ ተደብቆ መንጋው ሳይደነብር በተራ በተራ እንዲጥል አስችለዋል። ይህ እውነት ነው። ነገር ግን ጎሽ በጥይት ሲገደል ከዚያ በፊትም ብዙ አሥርት ዓመታት ቆይቷል፤ እልቂቱ የተፋጠነው በ1870ዎቹ ነው። የተለወጠው ምንድን ነው? በ1869 ሁለቱን የባሕር ዳርቻዎች ያገናኘው ሐዲድ ተጠናቀቀ፤ ሌሎች ሐዲዶችም ሜዳውን እየሰነጠቁ ገቡ። በ1871 አካባቢ ደግሞ ቆዳ ፋብሪካዎች የጎሹን ቆዳ ለኢንዱስትሪ በሚሆን መንገድ ማልፋት ቻሉ፤ በምሥራቅ አሜሪካና በአውሮፓ የሚሽከረከሩት ማሽኖች የቆዳ ቀበቶ ይፈልጉ ነበር። ቆዳው በባቡር ተጫነ፤ ሥጋው ሜዳ ላይ በሰበሰ። መንግሥትም ዝም ብሎ ተመልካች አልነበረም። የአገር ውስጥ ጉዳይ ሚኒስትሩ ኮሎምበስ ዴላኖ በ1873 ሪፖርታቸው የጎሹ መጥፋት ቀደምት ሕዝቦችን ወደ እርሻ ስለሚያስገድድ ብዙም እንደማያሳዝናቸው ጻፉ። በሚቀጥለው ዓመት ምክር ቤቱ ጎሹን የሚጠብቅ ሕግ ሲያጸድቅ ፕሬዚዳንት ግራንት ሳይፈርሙበት ቀሩ፤ ሕጉም ሞተ። ቃታውን የሳበው አዳኙ ነው፤ የገዛው ፋብሪካ፣ ያጓጓዘው ባቡር፣ የፈቀደው ግን መንግሥት ነው።

ከዚህም በላይ፣ ከጠመንጃ ጋር ምንም ግንኙነት ያልነበራቸው ነገሮች ከጠመንጃ የበለጠ ሰው ጨርሰዋል፤ የበለጠ መሬትም ወስደዋል። በ1837 በሚዙሪ ወንዝ በምትመላለስ የንግድ የእንፋሎት መርከብ የገባ ፈንጣጣ ከማንዳን ሕዝብ ከአስሩ ዘጠኙን ገደለ። በካሊፎርኒያ 150,000 ያህል የነበረው የቀደምት ሕዝቦች ቁጥር ወርቅ ከተገኘ በኋላ ባለው ሩብ ምዕተ ዓመት ወደ 30,000 ወርዷል፤ በዚያ ግን በሽታውና ረሀቡ ብቻ ሳይሆኑ በመንግሥት ገንዘብ የተደገፉ የሚሊሻ ጭፍጨፋዎችም ነበሩበት። በ1862 የወጣው የሆምስቴድ አዋጅ አምስት ዓመት ተቀምጦ ላረሰ ሰው 65 ሄክታር ያህል መሬት ይሰጥ ነበር፤ በዚህ አዋጅ የተሰጠው መሬት በመጨረሻ ከአገሪቱ ስፋት አንድ አስረኛ ያህል ደርሷል። በ1874 ጆሴፍ ግሊደን ያስመዘገበው እሾሃማ ሽቦ ክፍቱን ሜዳ በአጭር ጊዜ ወደ ግል ርስት ለወጠው። በ1887 የወጣው የዶውስ አዋጅ ደግሞ የቀደምት ሕዝቦችን የጋራ መሬት ለግለሰብ እየቆራረሰ የተረፈውን ለሰፋሪ ከፈተ፤ በዚያን ጊዜ በእጃቸው የነበረው 56 ሚሊዮን ሄክታር ያህል መሬት በ1934 ወደ 19 ሚሊዮን ሄክታር አነሰ። ይህ የመሬት ቅነሳ የተፈጸመው አብዛኛው ጦርነት ካበቃ በኋላ፣ በብዕርና በማኅተም ነው። በ1890ው ቆጠራ የአገሪቱ ሕዝብ 63 ሚሊዮን ያህል ሲሆን ቀደምት ሕዝቦች 250,000 ገደማ ነበሩ። ይህን የቁጥር ልዩነት የትኛውም ጠመንጃ አልፈጠረውም፤ የትኛውም ጠመንጃ ሊመልሰውም አይችልም ነበር።

የእኛም ታሪክ ይህን ነጥብ የሚፈትን እውነተኛ ማነጻጸሪያ ይሰጣል፤ ያውም በተመሳሳይ ጠመንጃና በተመሳሳይ ዓመት። በ1875 በጉንደት፣ በመጋቢት 1876 ደግሞ በጉራ ከአፄ ዮሐንስ ጦር ጋር የተዋጋው የግብፅ ሠራዊት የታጠቀው በአሜሪካ ሜዳዎች ጎሽ ይታደንበት የነበረውን ሬሚንግተን ነው። ከአዛዦቹም መካከል የአሜሪካ የርስ በርስ ጦርነት መኮንኖች ነበሩ፤ የደቡቡ ጄኔራል ዊልያም ሎሪንግ በጉራ ከራቲብ ፓሻ ቀጥሎ ያለውን የአዛዥነት ሥፍራ ይዞ ነበር። ሎሪንግ በጉራ በተሸነፈ በሦስት ወር ከስተር በሊትል ቢግሆርን ተሸነፈ። የኢትዮጵያ ሠራዊት በብዙ ሺህ የሚቆጠር ሬሚንግተን ማረከ፤ ከሃያ ዓመት በኋላ በዓድዋም ከውጅግራውና ከሌላው ጠመንጃ ጋር ተሰልፏል። ልዩነቱ ኢትዮጵያዊው ተዋጊ ከላኮታው የበለጠ ደፋር መሆኑ አይደለም። ልዩነቱ ከጠመንጃው ጀርባ ያለው ነው። ከአፄ ምኒልክ ጀርባ ግብር የሚሰበስብ፣ ስንቅ የሚያዝ፣ መቶ ሺህ የሚጠጋ ሠራዊት የሚያከት፣ በውጭ ከፈረንሳይም ከሩሲያም ከራሷ ከጣሊያንም መሣሪያ የሚያስመጣ መንግሥት ነበረ። ላኮታው ጥይት የሚያገኘው ከነጋዴና ከምርኮ ነው፤ ነጋዴውን ለመከልከል አንድ ትዕዛዝ ይበቃል። ተመሳሳይ ድል በሁለቱ ቦታዎች የተለያየ ውጤት ያመጣው ለዚህ ነው።

እስካሁን የተነጋገርነው ስለ ጦርነት ነው፤ በከተሞቹስ? ፊልሙ እንደሚያሳየን ሰው ሁሉ ታጥቆ የሚዞርበት፣ ጠብ በአደባባይ በሽጉጥ የሚፈታበት አገር ነበር። ማስረጃው ሌላ ይላል። በካንሳስ የከብት ገበያ የሆነችው ዶጅ ሲቲ በመግቢያዋ ላይ የጦር መሣሪያ መያዝ ፈጽሞ የተከለከለ መሆኑን የሚገልጽ ሰሌዳ አቁማ ነበር፤ ሰሌዳው በዘመኑ ፎቶግራፍ ላይ እስከ ዛሬ ይታያል። ከብት ነጂው ከተማ ሲገባ ሽጉጡን አስረክቦ ሲወጣ ይወስዳል። በአሪዞና የምትገኘው የቱምስቶን ከተማ በሚያዝያ 1881 በከተማው ውስጥ መሣሪያ መታጠቅን የሚከለክል ደንብ አወጣች። በዚያው ዓመት ጥቅምት 26 ቀን የተደረገውና በፊልም ተደጋግሞ የተሠራው የኦኬ ኮራል የተኩስ ልውውጥ የተቀሰቀሰው በከፊል ይህን ደንብ ለማስከበር ነው፤ የከተማው ፖሊስ አዛዥ ቨርጂል ኧርፕ ከወንድሞቹና ከዶክ ሆሊዴይ ጋር የሄደው ደንቡን ጥሰው የታጠቁትን ትጥቅ ለማስፈታት ነበር። ሦስት ሰዎች ሞቱ፤ ተኩሱ የፈጀው ግማሽ ደቂቃ ያህል ነው። ይህን ደንብ ያወጡት ከሩቅ የመጡ የከተማ ሰዎች አልነበሩም፤ ራሳቸው የጠረፉ ነዋሪዎች፣ ነጋዴዎቹና ባለ ሆቴሎቹ ናቸው። ሰላም የሌለው ከተማ ገዢም ገንዘብም እንደማይመጣለት ያውቃሉ።

እዚህም ላይ መልስ የሚገባው ተቃውሞ አለ። የታሪክ ተመራማሪው ሮበርት ዳይክስትራ አምስት የካንሳስ የከብት ከተሞችን መርምሮ ከ1870 እስከ 1885 በነበረው ጊዜ በሁሉም በድምሩ 45 ሰዎች ብቻ መገደላቸውን አሳየ፤ በአንድ ከተማ በአንድ የገበያ ወቅት አንድ ተኩል ማለት ነው። ሌሎች ተመራማሪዎች ደግሞ ከተሞቹ ትንንሽ ስለነበሩ ቁጥሩ ከነዋሪው ብዛት ጋር ሲሰላ ከፍተኛ መሆኑን፣ የማዕድን ከተሞችም ከዚህ የባሱ እንደነበሩ አስገንዝበዋል። ሁለቱም ወገኖች ትክክል ናቸው። ወጣት ወንዶች የበዙበት፣ መጠጥና ቁማር የሞላበት፣ ፍርድ ቤቱ ገና ያልጠነከረበት ቦታ ደም ይፈስበታል፤ በእጅ ያለ ሽጉጥ ደግሞ ተራ ጠብን ወደ ግድያ ይለውጣል። ዋናው ነገር ግን ነዋሪዎቹ ለዚህ ችግር የሰጡት መልስ ነው። ብዙ ሽጉጥ ይታጠቅ አላሉም፤ ሽጉጡን በበሩ ላይ አስቀምጥ አሉ። ስለዚህ የግድያው ቁጥር ከፍ ይላል የሚለው ክርክር ማስታወቂያውን አይደግፍም፤ እንዲያውም የጠረፉ ሰዎች ራሳቸው ጠመንጃን የሥርዓት ምንጭ ሳይሆን ሥርዓት የሚያስፈልገው ነገር አድርገው ማየታቸውን ያጠናክራል።

የመጨረሻው ትልቅ ደም የፈሰሰውም ትጥቅ በማስፈታት ላይ ሳለ ነው። ታኅሣሥ 29 ቀን 1890 በደቡብ ዳኮታ ዉንድድ ኒ በተባለ ቦታ ሰባተኛው ፈረሰኛ ጦር እጃቸውን የሰጡ የላኮታ ቤተሰቦችን ከብቦ ጠመንጃ ሲፈትሽ ተኩስ ተከፈተ። በኮረብታው ላይ የተጠመዱት አራት የሆችኪስ መድፎች በሰፈሩ ላይ እሳት አወረዱ፤ ከ250 እስከ 300 የሚገመት ሰው አለቀ፤ ከእነሱ ብዙዎቹ ሴቶችና ሕጻናት ነበሩ። ለዚህ ተግባር 20 ያህል ወታደሮች የአገሪቱን ከፍተኛ የጀግንነት ሜዳሊያ ተሸለሙ። የዚያው ዓመት የሕዝብ ቆጠራ የጠረፍ መስመር ከእንግዲህ የለም አለ። ከሦስት ዓመት በኋላ በ1893 በቺካጎ የዓለም ትርኢት ወቅት ወጣቱ የታሪክ ምሁር ፍሬድሪክ ጃክሰን ተርነር የአሜሪካን ሕዝብ ጠባይ የቀረጸው ጠረፉ ነው የሚለውን ዝነኛ ጽሑፉን አነበበ። በዚያው ከተማ፣ በዚያው በጋ፣ ከትርኢቱ ግቢ አጠገብ ቡፋሎ ቢል ኮዲ ፈረሰኞችንና ቀደምት ሕዝቦችን አሰልፎ የምዕራቡን ጦርነት በተኩስ እያጀበ ለብዙ ሺህ ተመልካች ያሳይ ነበር። የተርነር ጀግና ሞፈርና መጥረቢያ የያዘ ገበሬ ነው፤ የኮዲ ጀግና ጠመንጃ የያዘ ጋላቢ። ፋብሪካውን፣ የምክር ቤቱን ድምፅና የረሀቡን ክረምት ግን ሁለቱም ከመድረኩ አስወጡ። የዊንቸስተር ማስታወቂያ የተወለደው ከዚህ ትዝታ ነው።

አንዳንድ አንባቢ ማስታወቂያ ማስታወቂያ ነው፣ ምን ያስጨንቃል ይል ይሆናል። የሚያስጨንቀው ይህ ትዝታ ዛሬም በሕግ ላይ ስለሚሠራ ነው። በ2022 የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በኒውዮርክ የሽጉጥ ፈቃድ ላይ በሰጠው ውሳኔ የጦር መሣሪያ ሕጎች ከአገሪቱ የታሪክ ልማድ ጋር መስማማት እንዳለባቸው ወሰነ። ዳኞቹ የምዕራብ ግዛቶችን የ19ኛው ክፍለ ዘመን ክልከላዎች አንስተው፣ ጥቂት ሰው በሚኖርባቸው ግዛቶች ለአጭር ጊዜ የቆዩ ናቸው በማለት ክብደት ነፈጓቸው። በዚህ ላይ ሕግ አዋቂዎች ይከራከራሉ፤ ታሪክ ግን ከዚያን ቀን ጀምሮ ማስረጃ ሆኖ ፍርድ ቤት ቀርቧል። በአሜሪካ የሚኖሩ ወገኖቻችንም ልጆቻቸውን ትምህርት ቤት የሚልኩት በዚህ ሕግ ሥር ነው። ስለዚህ ጠረፉ ምን እንደነበረ በትክክል ማወቅ የትርፍ ጊዜ ጉዳይ አይደለም።

ፍርዱ እንግዲህ ይህ ነው። ጠመንጃው የአንድን ቀን ውጊያ ወስኗል፤ አንዳንዴም ለተወራሪው። የአገሩን ዕጣ የወሰኑት ግን ውል የፈረሙና ያፈረሱ፣ ድጎማ የቆረጡ፣ ሐዲድ የዘረጉ፣ ቆዳ የገዙ፣ መሬት ያከፋፈሉ ሰዎች ናቸው፤ ስማቸውም በመዝገብ አለ። አንድን አገር ያቀናው ይህ መሣሪያ ነው ሲባሉ፣ አንባቢ ሆይ፣ መሣሪያውን ማን እንዳዘዘው፣ ማን እንደከፈለበትና ማን እንደፈረመበት ይጠይቁ። ኃላፊነት የሚኖረው ከብረቱ ሳይሆን ከሰው ዘንድ ነው።